ብድር የተበላሸበት ሰው በጎጃም፦ ተመልሶ መበደር ይቻላል?

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ብድር ጠይቆ የተከለከለ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ንግድ ፈቃዱ ታድሷል። ግብሩ ተከፍሏል። የሚያስይዘው ቤት አለው። መጨረሻ ላይ የብድር ባለሙያው ኮምፒውተሩን አይቶ «ስምዎ ላይ የተበላሸ ብድር ይታያል» ይለዋል። ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

ይህ የተበላሸ ብድር ከሌላ ባንክ ተወስዶ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ጋር በቡድን የተወሰደ ሊሆን ይችላል። በስልክ ተበድሮ የተረሳ ሁለት ሺህ ብርም ሊሆን ይችላል።

የእኛ ባንኮች የሚሰጡን ካርድ በአብዛኛው የራሳችንን ገንዘብ የምናወጣበት ነው። ስለዚህ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «ክሬዲቴ ተበላሽቶ ካርድ ከለከሉኝ» ሲሉ ጉዳዩ የእነሱ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን እዚህም ስም በብድር ይበላሻል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የብዙ ሰው ስም የተበላሸው ባልተለመደ ምክንያት ነው።

አሠራሩን እንየው። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ የሚሰበስብበት ማዕከል አለው። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች ማን ስንት እንደተበደረ፣ ስንት እንደቀረበትና ስንት ቀን እንደዘገየ ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያው ይጠይቃሉ። ሞጣ ላይ የዘገየ ብድር ባሕር ዳር ላይ ይታያል። አዲስ አበባም ይታያል።

የብድሩ ደረጃ የሚወጣው በቀን ቁጥር ነው። ክፍያው የዘገየው ከ30 ቀን በታች ከሆነ ብድሩ ጤናማ ነው። ከ30 እስከ 90 ቀን ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላ የተበላሸ ይባላል። 180 ሲሞላ አጠራጣሪ ይሆናል፤ 360 ሲያልፍ እንደ ኪሳራ ይያዛል። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ባንኩ ብድሩ ባይመለስ ብሎ ብዙ መጠባበቂያ ገንዘብ መያዝ አለበት፤ ይህም ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። የብድር ክፍል ሠራተኞች 90ኛዋን ቀን የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ይህን ቆጠራ ወደ ጎጃም እናምጣው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ይዘጋ ጀመር፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በብዙ ከተሞች ባንክ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን ወርሃዊ ክፍያ የነበረበት አንድ የደንበጫ በርበሬ ነጋዴ አለ እንበል። የነሐሴ 30 ቀናት አለፉ። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ነበረች። መስከረም ሌላ 30 ቀን። ጥቅምት 24 ላይ 90 ቀን ሞላው።

በጎጃም ጥቅምት 24 ላይ እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ማን ነው? ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይወቃል። ገበሬው እህሉን ካልሸጠ ከነጋዴው አይገዛም። ክረምቱን በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ ዱቤውን የሚሰበስበው ከምርት በኋላ ነው። ስለዚህ ጦርነቱ ባይኖር እንኳ በክረምት የጀመረ መዘግየት 90 ቀን የሚሞላው ኪስ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። የመንገድ መዘጋት ሲጨመርበት ደግሞ የተሸጠውም አይሰበሰብም፣ የተገዛውም አይጫንም።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ደረጃው ሲወጣ የሚቆጠረው ቀን ነው፤ ምክንያቱ አይጠየቅም። ገንዘቡን ይዞ የተሰወረውና በርበሬው መጋዘን ውስጥ የቀረበት ነጋዴ እኩል ይመዘገባሉ። ሁለቱም «90 ቀን ያለፋቸው» ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባንክ የሚሄደው ሰው ይዞት የሚሄደው ይህን ቁጥር ብቻ ነው።

ዕቁብ ውስጥ እንዲህ አይደለም። ዳኛው ያዘገየውን ሰው ያውቀዋል። ለምን እንዳዘገየም ያውቃል። ሚስቱ ሆስፒታል መተኛቷን፣ ጭነቱ ደጀን ላይ መቆሙን ሰምቷል። ዕጣው የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ዋሱም ቢሆን የሰፈር ሰው ነው። ባንክ እንደ ዕቁብ ይሁን አልልም። ሚሊዮን ደንበኛ ያለው ተቋም ሁሉንም በስም ሊያውቅ አይችልም። ግን ምክንያቱን ማንም የማይነግረው ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ምክንያት አይኖርም። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ ተበዳሪው ምክንያቱን ራሱ በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ብዙዎቻችን የማናደርገው ይህንን ነው። ስንቸገር ስልክ እንዘጋለን። ወይም ሥራ አስኪያጁን መንገድ ላይ አግኝተን «ትንሽ ታገሱኝ» እንላለን፤ እሱም «እሺ፣ ግድ የለም» ይለናል። እሱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር ያ ንግግር አብሮት ይሄዳል። ወረቀት ግን አይዛወርም።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የብድሩ ቁጥር፣ መክፈል ያልተቻለበት ጊዜ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ምክንያቱ፣ አሁን በወር ስንት መክፈል እንደሚቻል፣ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ፣ ማለትም የጊዜ ማራዘሚያ ወይም የክፍያ መጠን ቅነሳ። ከቀበሌ ወይም ከንግድ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ማግኘት ከተቻለ ይያያዛል። ከዚያ በሁለት ኮፒ ይገባል። አንዱ ባንኩ ጋ ይቀራል፤ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ይመታበታል። ያንን ኮፒ እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡት።

ብድርን ማራዘም ባንኩ የሚውለው ውለታ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። አይደለም፤ መብትም አይደለም። ባንኩ እምቢ ሊል ይችላል፣ ለስንት ጊዜ ማራዘም እንደሚቻልም ገደብ አለው። ግን 60ኛው ቀን ላይ የጠየቀና 200ኛው ቀን ላይ የጠየቀ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። የመጀመሪያው ገና ልዩ ክትትል ላይ ነው፤ ባንኩ እሱን የማዳን የራሱ ጥቅም አለው።

ዝም ማለት የሚያስከትለው ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ያለፍርድ ቤት ክርክር መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። የሚጠበቅባቸው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ቤቱ ተሽጦ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ ይከተላል። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ሽማግሌ ይሮጣል። ሽማግሌው ከመድረሱ በፊት ወደ ባንኩ መሄድ ይሻላል።

ከባንክ የተባረረ ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ወደ አራጣ። በወር ከመቶ አሥር ብር የሚጠይቅ አራጣ አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀ ነው። 100 ሺህ ብር የወሰደ ሰው በዓመቱ ወለዱን ብቻ 120 ሺህ ይከፍላል፤ ዋናው 100 ሺህ እዚያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል ከ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በላይ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ተበዳሪው ግን ይህን እያወቀም ይፈርማል። አንዳንዱ ቤቱን የሸጠ አስመስሎ የሽያጭ ውል ይፈርማል፣ አንዳንዱ ቀን የሌለው ቼክ ይሰጣል። ቼኩ ስንቅ ከሌለው፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይመጣል። የዘገየ የባንክ ብድር ስም ያበላሻል እንጂ አያሳስርም። ስንቅ የሌለው ቼክ ያሳስራል።

ነገሩን ያከበደው ሌላም አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። ለዋጋ ንረት ነው ተባለ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ገደቡ በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ግን የሚያበድረው ገንዘብ የተገደበ ባንክ ከአሥር አመልካቾች አንዱን ሲመርጥ ማንን ይመርጣል? ስሙ ንጹሕ የሆነውን። የጎጃሙ ነጋዴ ፋይሉ የቆሸሸው በሩ በጠበበበት ጊዜ ነበር።

ሁሉም ግን ከጦርነቱ አልመጣም። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማና አካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አስተምሮ ነበር። በዚያ ተስፋ የተበደረም አለ። በኋላ የዛፍ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አደረቀ። ዛፍ ደርቆ ብድር አይደርቅም። ይህም በመዝገብ ላይ ሲታይ ያው የቀን ቁጥር ነው።

የቡድን ብድርን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አብቁተ፣ ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መያዣ የሌለውን የገጠር ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ብዙ ሴቶች መጀመሪያ የባንክ ደብተር የያዙት በዚህ ነው። ትልቅ ነገር ነው። የዚህ አሠራር ጉልበቱ አባላቱ መተዋወቃቸው ነው። ድካሙም እሱ ነው። ከቡድኑ አንዷ ተፈናቅላ ስትሄድ የቀሩት የእሷን ይከፍላሉ፣ ካልከፈሉ የሁሉም ቀጣይ ብድር ይቆማል። እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። የራሱን ድርሻ በራሱ ስም በደረሰኝ እየከፈለ ደረሰኙን ማስቀመጥ። ኋላ ለብቻው ብድር ሲጠይቅ «የእኔ ድርሻ ይኸው» ብሎ የሚያሳየው ይኖረዋል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ፤ ወጣቱ የሚበላሽበት እዚህ ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላና እንደኪሴ የተባሉትን የስልክ ብድሮች የጀመረው በ2014 ነው። ሌሎችም አሉ፤ ለምሳሌ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ። ያለመያዣ፣ ያለዋስ፣ በደቂቃ ውስጥ ገንዘብ ይገባል። ለብዙ ጉሊት ነጋዴና ባጃጅ ነጂ እፎይታ ነው። ችግሩ ገንዘቡ ትንሽና ቀላል በመሆኑ ብድር የማይመስል መሆኑ ነው። ካርድ የሞላን ያህል ይመስላል። ግን አበዳሪው ባንክ ነው፣ ውሉም የባንክ ብድር ውል ነው።

እዚህ ላይ አንድ በቅርብ የማውቀው ነገር ልጨምር። በገጠር ብዙ አባቶች የሚጠቀሙበት ሲም ካርድ በልጃቸው ስም የወጣ ነው። ወይም የልጁ ሲም በአባት መታወቂያ ወጥቷል። ልጁ በስልኩ ይበደራል፣ ይረሳዋል፣ ወይም ቁጥሩን ቀይሮ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ስሙ የሚጠራው የሲሙ ባለቤት ነው። ስለዚህ ብድር ከመጠየቅ በፊት በስምዎ ስንት ሲም እንዳለ ይጠይቁ። ዕዳ ያለበት ካለ ዕዳውን ከፍለው ይዝጉት። በስም ላይ ያለ ዕዳ ብዙ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈለው ትንሹ ነው። 1,500 ብር የቀረበት የስልክ ብድርና 150 ሺህ ብር የቀረበት የባንክ ብድር ሁለቱም ስም ላይ ይቀመጣሉ። ትንሹን ዛሬ መንቀል ይቻላል።

ከፍለው የጨረሱትም ይታለላሉ። ዕዳ ከፍሎ መጨረስ ብቻውን አይበቃም። ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ መያዝ ያስፈልጋል፤ መያዣ ካለ ደግሞ ዕግዱ ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲነሳ ደብዳቤው መድረሱን ማረጋገጥ። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ መረጃው መታረሙን መጠየቅም ተገቢ ነው። ካልታረመ ቅሬታ መጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ በጽሑፍ ይቀርባል፣ እዚያ ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት የሚጠቀም ገና ጥቂት ነው።

ስህተት ደግሞ አለ። እኛ ዘንድ ስም ከነአባትና አያት የሚመሳሰል ሰው ሞልቷል። አንዱ ፎርም ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ መንገድ ይጻፋል፣ ሌላው ላይ በሌላ። ሞክሼ የወሰደው ብድር የማያውቀው ሰው ላይ ቢለጠፍ አይገርምም። ፋይዳ መታወቂያ በዚህ በኩል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ ከስም ይልቅ ሰውየውን ይለያል። ያልያዘ ይያዝ፣ የያዘም ሒሳቦቹ ሁሉ ከእሱ ጋር መያያዛቸውን ያረጋግጥ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ያለን ሰዎች እዚያ ያለውን አሠራር ብናውቅ አይከፋም። እዚያ የአንድ ሰው የብድር ታሪክ ወደ ነጥብ ይቀየራል፤ በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው። ትልቁን ድርሻ፣ 35 በመቶውን፣ የሚይዘው በሰዓቱ መክፈል ነው። የዘገየ ክፍያ መዝገብ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ሰባት ዓመት ነው። ነጥቡ የወደቀበት ሰው ወደ ካርድ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በማስያዣ ካርድ ነው። 300 ዶላር ባንኩ ጋ ያስቀምጣል፣ ባንኩ በዚያው መጠን የብድር ካርድ ይሰጠዋል፣ ሰውየው በየወሩ ጥቂት እየተጠቀመ ሙሉውን ይከፍላል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ማስያዣው ይመለስለታል።

ሐሳቡ እዚህም ይሠራል። ስሙ የተበላሸ ሰው ዕዳውን ካጸዳ በኋላ ወደ ትልቅ ብድር መዝለል የለበትም። ባንክ ውስጥ ባለ ቁጠባው ልክ ወይም ከዚያ በታች ተበድሮ፣ ቁጠባውን አስይዞ፣ በሰዓቱ ከፍሎ መጨረስ ይችላል። ባንኩ የሚያጣው የለም፣ ተበዳሪውም አዲስ ንጹሕ መስመር ያስመዘግባል። ሒሳቡም ይንቀሳቀስ። ሽያጩን በጥሬ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ የሚያዞር ነጋዴ ባንኩ ዓይን ውስጥ የለም። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም ሌላ በር ነው። አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ምክንያት ይሰማሉ። እዚያ የተሠራው መልካም ስም ግን ባንክ ላይ ሁልጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ከማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ይገባል።

ቤት የሌለው ሰውም በር አለው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ማሽን፣ ምርት፣ የሚሰበሰብ ዱቤ ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ ፈቅዷል። እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ስሙን ለማደስ ብሎ መሬቱን የሚያስይዝ ገበሬ ክረምቱ ቢበላሽበት የሚያጣው እርሻውን ነው። መሬት የመጨረሻው ይሁን፣ የመጀመሪያው አይሁን።

ዋስ የሚሆኑ ሰዎችንም ላስታውስ። ጎጃም ውስጥ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ የዘመድ ሁሉ ዋስ ነው። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ብሩ በቁጥር መጻፉን ይዩ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ እርስዎ ደመወዝ መምጣት ይችላል።

የቀረው የተቋማቱ ድርሻ ነው። ተበዳሪው ደብዳቤ ቢጽፍም፣ ደረሰኝ ቢይዝም፣ ሌላ ባንክ ያለው ባለሙያ የሚያየው የቀን ቁጥሩን ከሆነ ልፋቱ ግማሽ ይቀራል። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተቸገሩ ደንበኞችን ብድር በቀላሉ እንዲያሸጋሽጉ ለተወሰነ ጊዜ ፈቅዶ ነበር። ሆቴሎቹና ነጋዴዎቹ በራሳቸው ጥፋት እንዳልተቸገሩ ያኔ ታውቋል። በጎጃም መንገድ የተዘጋበትና ቅርንጫፍ በሩን የዘጋበት ጊዜም በቀን የሚታወቅ ነው። ባንኮቹ ራሳቸው የትኛው ቅርንጫፋቸው ከመቼ እስከ መቼ ተዘግቶ እንደነበር መዝግበው ይዘዋል። መክፈያ መስኮቱ በተዘጋበት ቀን የተቆጠረን መዘግየት ከመዝገቡ ላይ ለይቶ ማሳየት አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የሁለት መዝገቦችን ቀን ማስተያየት ይበቃል።